የሸምሱ ቀባሪዎች

ሰው ስለ ጦርነት ማውራት ሲጀምር ተነሥቼ እወጣለሁ። ሚስቴ "ሰው ይታዘብሃል" ትለኛለች። ይታዘበኝ። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ስልኩን እየነካካ፣ "አሁን ነው መደምሰስ" የሚል ጎረምሳ ሳይ ብድግ እላለሁ። ከፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ ከንዴት ነው። ብርጭቆውን አንሥቼ ፊቱ ላይ እንዳልደፋበት ነው የምወጣው። ዛሬ ግን አልወጣም። ቁጭ ብዬ ልንገራችሁ፣ እናንተም ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ።

ታምራት እባላለሁ። ያደግሁት ከሆሳዕና ወደ ወራቤ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከገበሬ ቤት ነው። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ወታደር ነበርኩ። ማዕረግ የለኝም፣ ሜዳሊያም የለኝም፤ አስረኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ሳጣ ነው የተመዘገብኩት። ጎጃምን የማውቃት ከትምህርት ቤት ካርታ ላይ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በጭነት መኪና ተጭነን አባይን ተሻገርንና ፍኖተ ሰላም አወረዱን፤ ከዚያም ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጉብታ ላይ በተሠራ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አሰፈሩን። ተማሪ አልነበረም። ዴስኮቹን እየፈለጥን ወጥ ስናበስልባቸው አለቁ። እኔ ልጅ ሳለሁ መሬት ተቀምጬ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዴስክ ሲነድ ያናድደኝ ነበር።

ወታደር ሲባል ሰው ተኩስ ብቻ ይመስለዋል። የወታደር ኑሮ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ቅማል ማራገፍና መጠበቅ ነው። ያን ኮቾሮ የሚባል፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ የወታደር ብስኩት በሻይ አርሶ መብላት ነው። ስልክ ይዞ ኔትዎርክ ማጣት ነው፤ የእናትን ድምፅ መርሳት ነው። ጫካ ያሉት ታጣቂዎች ዛሬ ይመጣሉ እየተባለ ምሽግ ውስጥ እናድራለን፣ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ነው።

የምንመራው በአንድ ሻምበል ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ስሙ አይጠቅማችሁም። መስከረም ሲገባ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ደርሶ እሸት ያዘ። ሻምበሉ "እይታ ይከልላል" ብሎ በካምፑ ዙሪያ ያለውን በገጀራ አስጨፈጨፈን። የገበሬ ልጅ ነኝ ብያችኋለሁ፤ እሸት የያዘ በቆሎ እየጣልኩ እንባዬ መጣ። የማሳው ባለቤት እትዬ ጥሩአየሁ የሚባሉ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ነበሩ። እታች ውሃ የምንቀዳበት ምንጭ ዳር ቆመው አዩን። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። እስክንጨርስ አይተው፣ ጀሪካናቸውን አዝለው ሄዱ።

ሸምሱ የሚባል የወራቤ ልጅ ጓደኛ ነበረኝ። እሱ ስልጢ፣ እኔ ሀድያ፤ ቋንቋችን ቢለያይም ገበያችን አንድ ነው። ከሠፈርንበት ቀን ጀምሮ ምሽጋችን ላይ በወጠርነው አንድ ላስቲክ ሥር ነው የምንተኛው። ሳቂታ ነበር። ኮቾሮውን እያኘከ "ስንመለስ እናቴ ከቡላና ከቅቤ አተካና ትሠራልሃለች፣ ቅቤው በክርንህ እስኪወርድ ትበላለህ፣ ከዚያ በኋላ ይህን ድንጋይ ለጠላትህ ታበላዋለህ" ይለኝ ነበር። ከምንጩ ሴቶች ጋር ሁሉ ይቀልዳል። ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ የእትዬ ጥሩአየሁንም ጀሪካን አብሮ ሞልቶ ያሸክማቸዋል። በቆሎው ከተጨፈጨፈ በኋላም ይህን አላቆመም፤ እንዲያውም ጨመረበት።

መስቀል ሊደርስ ሲል ሸምሱን ብርድ ብርድ አለው። በቡሬና በወንበርማ በኩል በዚያ ወቅት ወባ እንደሚበረታ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኛም አውቀን ነበር። ሻምበሉ ግን መጥቶ አየውና "የፈሪ ብርድ ነው፣ ምሽግ ሲገባ ይለቀዋል" አለ። ነርሳችን ከፓናዶል በቀር የሚሰጠው አልነበረውም። በማግሥቱ ሸምሱ መቃዠት ሲጀምር ነርሱ ሻምበሉ ዘንድ ሄዶ፣ "ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ካልደረሰ አይተርፍም" አለው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

"መንገዱ አደገኛ ነው" አለ ሻምበሉ። "ለአንድ ሰው ብዬ መኪናና ሰው አላጋልጥም።"

ያን ዕለት ጠዋት ያቺው መኪና ወደዚያው ወደ ፍኖተ ሰላም ሄደች። ለመስቀል የሚታረድ በግና የሻምበሉን ቢራ ልታመጣ። እስቲ ፍረዱኝ። መንገዱ ለሕመምተኛ አደገኛ ነበር፤ ለበግ ሰላም ነበር።

ሸምሱ ቀትር ላይ ሞተ። ጭንቅላቱ እግሬ ላይ ነበር። "ውሃ" አለኝ፣ ስሰጠው አልዋጠም። ከዚያ በቋንቋው አንድ ነገር አለ፤ የገባኝ "እማ" የምትለዋ ብቻ ናት። ዓይኑን ስከድንለት መኪናዋ ተመለሰች። በጉ ሲወርድ ይጮኻል፣ የሚያወርዱት ወታደሮች ይስቃሉ። አልፈርድባቸውም፣ አልሰሙም ነበር።

ሻምበሉ ሰበሰበንና "ይህ ነገር ከግቢው አይወጣም" አለ። "ቁጥራችን መቀነሱን ጠላት ማወቅ የለበትም። ከሽንት ቤቱ ኋላ ቅበሩት። ለቤተሰቡ ጊዜው ሲደርስ ይነገራል።"

"ሻምበል" አልኩ፣ "ሸምሱ እስላም ነው። መታጠብ አለበት፣ መከፈን አለበት፣ የሚሰግድበት ሰው..."

"የወታደር ከፈኑ ልብሱ ነው" አለኝ። "ቆፍር።"

መቆፈር ጀመርን። አገሩ ጥቁር አፈር ነው፤ ጥቂት እንደቆፈርን ያ የመስከረም ዝናብ ወረደና ጉድጓዱ ኩሬ ሆነ። ሽንት ቤቱም ሞልቶ ወደዚያው ይፈስስ ጀመር። ሻምበሉ ከበረንዳው ሆኖ አየንና "ተዉት፣ ነገ ጠዋት ውሃውን ጨልፋችሁ ትጨርሱታላችሁ" አለን። ሸምሱን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር አስተኛነው። ሰሌዳው ላይ የአንድ አስተማሪ የመጨረሻ ትምህርት አሁንም አልጠፋም ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ውሃ የመቅዳት ተራው የእኔ ነበርና ወደ ምንጩ ወረድኩ። እትዬ ጥሩአየሁ እዚያ ነበሩ።

"ያ ሳቂታው ጓደኛህ ዛሬ ምነው ቀረ?" አሉኝ።

 ትእዛዝ አለብኝ። ግን የእኔን ጀሪካን ትቼ፣ ሸምሱ ያደርግ እንደነበረው የእሳቸውን ከምንጩ አፍ ደቀንኩ።

"ሞተ እማማ" አልኩ።

"ኧረ ያንተ ያለህ። ምን አገኘው? ተኩስም አልሰማን።"

"ወባ ነው።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ "ስመ ክርስትናው ማነው? ለቄሱ እንድነግርለት" አሉ።

"እስላም ነው እማማ።"

"እስላም ነው" አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው። "እናት አለችው?"

"አለችው። ሩቅ ናት። አልሰማችም።"

"መቸ ልትቀብሩት ነው?"

"ነገ ጠዋት። ከሽንት ቤቱ ኋላ።"

ያን ጊዜ ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ያን ሁሉ በቆሎ ስንጥልባቸው እንዲያ አላዩኝም።

"ኸሽንት ቤት ኋላ ውሻ ነው የሚቀበር ልጄ።"

"እኔ ምን ላድርግ እማማ፣ ትእዛዝ ነው።"

"አንተማ ምን ታረግ" አሉ ጀሪካናቸውን እያነሡ። "እንግዲያ ማንኩሳ ሰው መላክ ነው።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ማንኩሳ ማን አለ? ለምንስ ይላካል? በሐዘን ላይ ያለ ሰው ጭንቅላቱ አይሠራም። ውሃዬን ተሸክሜ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ ጥሩንባ ተነፋ። መጀመሪያ ከታች ከመንደሩ፣ ቀጥሎ ከማዶው ጉብታ ሌላ ጥሩንባ መለሰለት። ካምፑ ተተራመሰ። "ምሽግ! ምሽግ!" ይላል አስር አለቃው። ጫማውን ያላሰረ፣ ሱሪውን የያዘ፣ ሁሉም ወደ ምሽጉ ዘለለ። ሻምበሉ መነጽሩን ይዞ ወጣና "የክተት ጥሩንባ ነው፣ ሕዝቡን አስነሥተውብናል" አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

እኔም ጉድጓዴ ውስጥ ክላሼን አቅፌ ተጋደምኩ፤ ሆዴ ግን ሌላ ነገር ይለኛል። ያን ጥሩንባ ከመጣን ወዲህ ሰምቼዋለሁ። ረዥም ይነፋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ረዥም። መንደሩ ውስጥ ሰው ሲሞት የእድሩ ሰውዬ እየዞረ የሚነፋው ነው። ከዚያ የእትዬ ጥሩአየሁ ነገር ትዝ አለኝ። "እንግዲያ ማንኩሳ ሰው መላክ ነው።" ማንኩሳ እስላም ነጋዴዎች አሉ፤ ለቀብሩ ነው የላኩባቸው። 

እየተሳብኩ ሻምበሉ ዘንድ ሄድኩ። "ሻምበል፣ የለቅሶ ጥሩንባ ነው።"

"ማን ሞቶ?"

"ሸምሱ ሞቶ። እኛን ሊያስተዛዝኑ ነው የሚመጡት።"

አየኝ። "ማን ነገራቸው?"

"እኔ ነኝ።"

በጥፊ አጮለኝ። "ያንተን በኋላ አየዋለሁ" አለ። "መጀመሪያ እነዚህን ልጨርስ።"

በዚህ መሐል በቆሎው ተንቀሳቀሰ። እኛ ከጨፈጨፍነው ሜዳ ማዶ ያለው በቆሎ ሰው ይተፋ ጀመር። አንድ፣ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠር አቆምኩ። ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ ዶማና አካፋ ትከሻቸው ላይ። ከኋላ ሴቶች። ከሁሉም ፊት አንድ ሽማግሌ፣ ጥሩንባው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ። ከእሱ ቀጥሎ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ጺማቸው የሸበተ ሰው፣ ትከሻቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ረዥም ነገር ተሸክመዋል።

"ያ ረዥሙ ምንድን ነው?" አለ ሻምበሉ መነጽሩን ሳያወርድ። "አርፒጂ ነው። ሀብታሙ፣ ብሬኑን አዘጋጅ። የጨፈጨፍነውን ማሳ የአጋማሽ መስመር ሲያልፉ ትለቅባቸዋለህ።"

ሀብታሙ የመትረየስ ተኳሻችን ነው፤ ዝምተኛ ልጅ። ብሬኑን አቀባበለ። ድምፁን ሰማሁ። "ሻምበል" አልኩ፣ "ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነው የለበሱት። እናትህ ለቅሶ ስትሄድ አይተህ አታውቅም?" አንተ አልኩት። በሕይወቴ አለቃን አንተ ስል የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ግን መስመሩን ነበር የሚያየው። ሰዎቹ ደግሞ ስለ መስመር አያውቁም። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ምን መስመር ያውቃል?

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልዋሻችሁ አልችልም፤ ምንም አላሰብኩም። ንዴት ብቻ ነበር። በሽተኛ ለመውሰድ የፈራ ሰው አልቃሽ ለመግደል አልፈራም። ክላሼን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ከምሽጉ ወጣሁ። "ተመለስ! ተመለስ አልኩህ!" ይላል ሻምበሉ ከኋላዬ። ጥይቱ ጀርባዬ ላይ የት ጋ እንደሚገባ እየጠበቅኩ ነው የምሄደው። የበቆሎው ጉቶ እግሬን ይወጋኛል። እኔው የጣልኩት በቆሎ ነው።

መስመሩ ላይ ደረስኩና እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ሽማግሌውም ቆሙ። በኋላ እንዳወቅሁት አያ ቢያድግልኝ ይባላሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

"እንዴት አደርክ ልጄ። የሟች ወገን ማነው?"

ጥያቄው አልገባኝም። "እንዴት?"

"ለቅሶ ስንደርስ የምናጥናናው ሰው ይኖራል። ኸዚህ ወገን የሆነው ማነው?"

ዞሬ ወደ ምሽጉ አየሁ። ያ ሁሉ ልጅ፣ አብሮት የበላ፣ አብሮት የሳቀ፣ ከአፈሙዝ ኋላ ተኝቷል። "እኔ ነኝ አባባ" አልኩ።

"እግዜር ያጥናህ።" እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ነጭ ቆብ ያደረጉት ሰውም ቀረቡ። "ሐጂ እድሪስ እባላለሁ፣ ማንኩሳ ጨርቅና በርበሬ እነግዳለሁ" አሉኝ። "አላህ ይዘንለት። ከፈን ይዤለት መጥቻለሁ።" ትከሻቸው ላይ ያለው አንድ ጣቃ አቡጀዲ ነበር። እንዳይረጥብባቸው ነው በላስቲክ የጠቀለሉት።

በዚያች ቅጽበት ተኩስ ተሰማ።

ሴቶቹ መሬት ላይ ወደቁ። ገሚሱ ወደ በቆሎው ገባ። እኔ ሆዴን ዳበስኩ፤ ደህና ነኝ። ዞሬ ሳይ ሻምበሉ ምሽጉ ላይ ቆሟል፣ ሽጉጡን ወደ ሰማይ ቀስሯል። "የሚቀጥለው በሰው ነው! ተበተኑ!" ይላል።

አያ ቢያድግልኝ ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ሻምበሉ ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው ጎላ ያለ ነበር፣ ምሽግ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰምቷል።

"እግዜር ይስጥልን ጌታው። ባገራችን ወንድ ልጅ ሲሞት ጥይት ይተኮስለታል። እኛ እናንተን ሰግተን ጠበንጃ ሳንይዝ በመምጣታችን ስናፍር ነበር የመጣነው። እርስዎ ተኮሱለት። ልጁን አከበሩት።"

ሻምበሉ ሽጉጡን ቁልቁል አወረደ።

አያ ቢያድግልኝ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። "በሉ ተነሡ። ጥይቱ ተተኩሷል፣ ምን ትጠብቃላችሁ?"

መጀመሪያ የተነሡት እትዬ ጥሩአየሁ ናቸው። ጭቃውን ሳያራግፉ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ እኛ በጨፈጨፍነው ማሳቸው መሐል ቆመው ሙሾውን አወረዱት፦

"እናትህ አልሰማች አገሯ ሩቅ ሁኖ፣
እኔው ላልቅስልህ በቆሎዬም ባክኖ።"

ሌሎቹ ተቀበሏቸው። ያን ያህል ሰው ለሸምሱ አለቀሰ። ምሽጉን ሳይ ሀብታሙ እጁን ከብሬኑ ላይ አንሥቷል፣ ፊቱን በክንዱ ሸፍኗል። ሌላው ቆቡን አወለቀ። ሻምበሉ ዞር ዞር ብሎ አየ። "ተኩስ" ቢል የሚተኩስለት እንደሌለ ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል። ከደግነት የተወን እንዳይመስላችሁ፤ ብቻውን ስለቀረ ነው።

ሐጂ እድሪስ ወደ ምሽጉ ቀርበው "ሬሳውን ስጡን፣ እንጠበው፤ ማንኩሳ የእስላም መቃብር አለ" አሉ።

"ከዚህ ንቅንቅ አይልም" አለ ሻምበሉ። የቀረችው ሥልጣን ያቺ ነበረች። "እዚሁ ከሽንት ቤቱ ኋላ ጉድጓድ አለው።"

እትዬ ጥሩአየሁ ለቅሶውን አቋረጡ። የበቆሎ ጉቶውን በእግራቸው ገፋ አደረጉና "እዚህ ይተኛ" አሉ። "እናንተው ባዶ አርጋችሁታል። ለእኔ ዘንድሮ አይሆነኝ፣ ለእሱ ይሁነው።"

 ሻምበሉ ፊቱን አዙሮ ወደ ቢሮው ገባ።

ሸምሱን ከጥቁር ሰሌዳው ሥር አወጣነው። ሐጂ እድሪስ አብሯቸው ከመጣው ወንድማቸው ጋር፣ በላስቲክ ተከልለው፣ ከምንጩ በተቀዳ ውሃ አጠቡት። ሴቶቹ ጀሪካን እየተቀባበሉ አመላለሱ። ወንዶቹ ቆፈሩ፤ ሐጂ ቂብላውን፣ የመካን አቅጣጫ፣ እያመለከቱ ጉድጓዱን አስተካከሉ። ለሶላቱ ሲቆሙ ሐጂና ወንድማቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ከእኛ መሐል ኑሪ የሚባል ልጅ ጫማውን አወለቀና ሄዶ አጠገባቸው ቆመ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። እስላም መሆናቸውን እኔ እንኳ የማላውቃቸው ነበሩ። ገበሬዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ከኋላ ቆሙ።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና በየተራ እየመጡ "እግዜር ያጥናህ" አሉኝ። ያ ሁሉ ሰው፣ "ጠላት" እየተባለ የሚነገረን ሰው፣ ጭቃዬን ጠረገልኝ። ሐጂ እድሪስ መጨረሻ ላይ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብለው "ለእናቱ ንገራት" አሉኝ። "በደንብ ታጥቧል፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርገን አስተኝተነዋል በላት። እናት የምትጠይቀው ይህን ነው።"

እነሱ እንደሄዱ እኔን ዕቃ ቤት ቆለፉብኝ። ምስጢር አውጥተሃል፣ ትእዛዝ ጥሰሃል፣ መሣሪያ ጥለሃል። ይሁን። በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ጥሩአየሁና አንዲት ጎረቤታቸው ንፍሮ በሰፌድ ይዘው በሩ ላይ መጡ። "ሐዘንተኛው የት አለ?" ይላሉ። ሐዘን ቤት ምግብ አይሠራም፣ ጎረቤት ነው የሚያበላው። ሻምበሉ "ተመርዞ ይሆናል" ብሎ ዘበኛው እንዲቀምስ አዘዘ። ዘበኛው ሲቀምስ፣ ሲቀምስ፣ ለእኔ የደረሰኝ ጭብጥ የማትሞላ ነበረች። ባቄላዋን አንድ በአንድ እያኘክሁ አለቀስኩ፣ ሳቅሁም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። "ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው" ብዬ፣ እናንተም አንገታችሁን ነቅንቃችሁ ወደ ቤታችሁ በገባችሁ። አላለቀም።

ጥር ላይ፣ እኔም ከዕቃ ቤቱ ከተፈታሁ በኋላ፣ ምድብ ተቀይሮልን በማንኩሳ ስናልፍ የመኪናችን ጎማ ተነፈሰና ወረድን። የሐጂ እድሪስን ሱቅ ጠየቅሁ። ተዘግቶ ነበር። አጠገባቸው የሚሰፋ ልብስ ሰፊ የለበስኩትን የወታደር ልብስ አየና ወደ ስፌቱ አቀረቀረ። የሸምሱ ወገን መሆኔን ስነግረው ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረኝ።

"ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው። ይኸው ድምፃቸው ጠፋ።"

"ማን ነው የወሰዳቸው?"

"ምን አውቅልሃለሁ ወንድሜ። ገሚሱ 'ለወታደር ከፈን ሰጠህ' ብለው እነዚያ ጫካ ያሉት ናቸው ይላል። ገሚሱ 'ካምፕ ገብተህ የሰለልከው ለማን ነው' ብላችሁ እናንተ ናችሁ ይላል። አንዱ ወደ አንዱ ያሳብባል፤ የአብዬን ወደ እምዬ። ሐጂ ግን የሉም።"

ያ ነው ንዴቴ። ማን እንደወሰዳቸው አለማወቄ አይደለም የሚያቃጥለኝ። ከሁለቱ የትኛውም ሊሆን መቻሉ ነው። ሁለቱም ወገን ውስጥ፣ የአንድ ድሀ ልጅ ሬሳ በነጭ ጨርቅ መጠቅለሉን ወንጀል ነው የሚል ሰው አለ። እናንተ ሻይ ቤት ሆናችሁ "የእኛ ናቸው ትክክል" ስትሉ፣ እኔ የማስበው ያን የተዘጋ ሱቅ ነው። እናንተ 'የእኛ' የምትሉት አላችሁ፤ እኔ የለኝም። የእኔ ወገን የምለው ያን ዕለት ዶማ ይዞ በበቆሎ መሐል የመጣው ሰው ብቻ ነው። ጠላት የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። እግሬ ተጎድቶ ከሠራዊቱ ስሰናበት "ምን ተማርክ?" ብሎ የጠየቀኝ ዘመድ ነበር። ማን እንደሚቀብረኝ ተምሬያለሁ አልኩት።

አገሬ እንደገባሁ መጀመሪያ የሄድኩት ወራቤ፣ የሸምሱ እናት ዘንድ ነው። "በሥራ ላይ ነው" አለቆቹ ብለዋት ኖሮ፣ እኔን ስታይ ከኋላዬ እሱን ትፈልግ ነበር። ነገርኳት። ከዚያ የጠየቀችኝ ልክ ሐጂ እንዳሉት ነው። "ታጥቧል? ወደ ቂብላ ነው?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። "ማን አጠበልኝ?" አለች። ስማቸውን ነገርኳት፣ ነጩን ጨርቅ በዚያ ጭቃ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው መምጣታቸውን ነገርኳት። ሱቁ መዘጋቱን አልነገርኳትም። 

አሁንም በየጊዜው እሄዳለሁ። አተካናዋን ትሠራልኛለች፣ ቅቤው እውነትም በክርን ይወርዳል። ጁምዓ ሲሆን እጇን ዘርግታ ዱዓ ታደርጋለች። ለሸምሱ ጀነትን ትለምናለች፤ ቀጥላ "ለሐጂ እድሪስ ረዥም ዕድሜ ስጣቸው፣ ከቤታቸው አትንሳቸው፣ ከክፉ ሰው ጠብቃቸው" ትላለች።

እኔም አጠገቧ ተቀምጬ፣ እጄን ዘርግቼ፣ አሚን እላለሁ።